ቡድናችን የተሸነፈ ቅዳሜ

ትህትና ማናሴ በእጇ የጻፈችው ማስታወቂያ የማይታይበት መንገድ አዳማ ውስጥ ጥቂት ነው። ፍራንኮ አካባቢ ባላት ጠባብ ክፍል ማተሚያ ማሽን አላት፤ ባነር ታትማለች፣ ስቲከር ትቆርጣለች። ደንበኛው ትዕግሥት ያለው ሲሆን ግን ማሽኑን ታጠፋና ብሩሽ ታነሳለች። ዩኒቨርሲቲ የተማረችው አርክቴክቸር ነበር፤ ልቧ ግን ፊደል ላይ ቀረ። ፊደሎቿ ነፋስ የዳበሳቸው ይመስል ጥቂት ወደ ቀኝ ዘንበል ይላሉ። የሚያውቃት ሰው ከሩቅ አይቶ «ይሄ የትህትና እጅ ነው» ይላል።

ፈይሳ ወደ እሷ የመጣው በግንቦት፣ የአዳማ ነፋስ አቧራውን እያሽከረከረ መንገድ ላይ በሚያቆምበት አንድ ከሰዓት ነው። ረዥም፣ ቀጭን፣ በግራ እግሩ ትንሽ የሚያነክስ ወጣት ዓይኑን እያሻሸ ገባ።

«በማሽን የሚታተም አልፈልግም» አለ፣ ሰላምታ ካቀረበ በኋላ። «በእጅ የተጻፈ ነው የምፈልገው። መንገድ ማዶ ሆኖ ላየው ሰው እንግዳ የማይመስል።»

«የምን ቤት ነው?»

«የውርርድ ቤት። የኳስ።»

የትህትና እርሳስ ወረቀቱ ላይ ቆመ። አባቷ አቶ ማናሴ በከተማው የታወቁ የሕንጻ መሣሪያ ነጋዴ፣ ከዚያም በላይ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። በእነሱ ቤት ሎተሪ እንኳ ተቆርጦ አያውቅም። ልጆች ሳሉ ብይ ተጫውተው የበሉትን ሁሉ ማታ ለየባለቤቱ እንዲመልሱ ይደረጉ ነበር።

«እሱን አልጽፍም» አለች።

«እሺ» አለ ፈይሳ። አልተከራከረም፣ ፊቱንም አላጠቆረም። «አቧራው እስኪያልፍ ግን እዚህ ብቆም ይከፋሻል?»

አቧራው ቶሎ አላለፈም። ቆሞ እየጠበቀ ብዙ ነገር ነገራት። የባቱ ልጅ ነው፤ እናቱ ሐይቁ ዳር ዓሣ ይሸጣሉ። ኳስ ይጫወት ነበር፤ ጉልበቱ ሲጎዳ ጨዋታው ቀረና በየከተማው ቅርንጫፍ ካላቸው ከትልልቆቹ ውርርድ ቤቶች በአንዱ ትኬት ቆራጭ ሆነ። ዓመታት በብረት ፍርግርግ ውስጥ ተቀምጦ በቀዳዳ ትኬት ሲያቀብል ኖረ። «ፊቱን በየቀኑ የማየው ሰው ነበር፤ ስሙን ግን አላውቅም» አላት። አሁን የማንም ቅርንጫፍ ያልሆነ የራሱን ቤት ሊከፍት ነው። ፈቃዱን ለማውጣት የተመላለሰበት መንገድ ጫማ ጨርሷል። ገንደ ሀራ አንድ ሰፊ ክፍል ተከራይቶ ግድግዳውን በራሱ እጅ እየቀባ ነው። ፍርግርግ አይኖረውም፤ መብራት ሲጠፋ ጨዋታው እንዳይቋረጥ ባትሪ ገዝቷል። ዕድሜው ያልደረሰ አይገባም፤ ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ደጃፉ ላይ አይቆምም።

«ሰው ኳስ ሲያይ ብቻውን መሆን የለበትም» አለ፣ ከነፋሱ ወዲያ የሆነ ነገር የሚታየው ይመስል ወደ ውጭ እያየ።

ትህትና እርሳሷን አስቀመጠች። «ሰው ካልተበላ ግን አንተ አትበላም» አለችው።

ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር፤ ወይም ዕድል ነው፣ መዝናኛ ነው ብሎ ያድበሰብስ ነበር። ፈይሳ ግን ዓይኗን አየና «አዎ» አለ። «እሱን ነው ሳወጣ ሳወርድ የምኖረው።»

አቧራው አልፎ፣ እሱም አመስግኖ ከሄደ በኋላ፣ ያቺ «አዎ» ክፍሉ ውስጥ ቀረች። ትህትና ወደ ሥራዋ ልትመለስ ሞከረች። የቀለሙን ቆርቆሮ ከፈተች፤ ምን ልትቀባ እንደከፈተችው ግን ጠፋት።

*

በሳምንቱ በገንደ ሀራ ስታልፍ እግሯ ራሱ ቆመ። በሩ ክፍት ነበር። ፈይሳ መሰላል ላይ ወጥቶ ግድግዳውን ውኃ ሰማያዊ ይቀባል፤ ፀጉሩም ጫማውም ሰማያዊ ሆኗል። ዞር ሲል አያት፤ አልጠራትም። ብሩሹን እንደያዘ ብቻ ቆመ። ትህትና ገብታ ባዶ ክፍሉን ዙሪያውን አየች።

«ስሙ ማን ይባላል?»

«ሀሮ።» በኦሮምኛ ሐይቅ ማለት ነው። «ሌላ ስም አላማረኝም።»

በማግስቱ ብሩሿን ይዛ መጣች። ስትጽፍ ከመሰላሉ ሥር ቆሞ ያያት ነበር፤ የሚያየው ፊደሉን ይሁን እጇን ሁለቱም አልተናገሩም። አንድ ጊዜ ቀለም ለማቀበል እጁን ሲዘረጋ ጣቶቻቸው ተነካኩ። እሱ ይቅርታ አለ። እሷ «ሮ» የምትለዋን ፊደል ሁለት ጊዜ ደግማ ጻፈቻት።

ከዚያ በኋላ ክረምቱ እንዴት እንዳለፈ አታውቅም። ጧት ሥራ ቦታዋ ስትደርስ ስልኳ ላይ መልእክቱ ይጠብቃታል። አንዳንድ ጊዜ ስለ ቤቱ ነው፤ ዛሬ ወንበሮቹ መጡ፣ ዲሹ ተተከለ፣ የመጀመሪያው ሰው ገባ ይላል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ከተራራው ላይ ስለሚታዩት የነፋስ ኃይል ማማዎች ነው፤ «ዛሬ ቀስ ብለው ነው የሚዞሩት፤ እንደኔ አንቺን የሚጠብቁ ይመስላሉ» ይላታል። ትህትና መልእክቱን አንብባ ወደ ተራራው ቀና ትላለች፤ ነጫጮቹ ክንፎች ከዳመናው ሥር ይዞራሉ። ከተማው ሁሉ ከመሬት ትንሽ ከፍ ያለ ይመስላታል።

አንድ ሰኞ፣ ጨዋታ የሌለበት ቀን፣ ሶደሬ ወረዱ። ከሙቁ ውኃ ላይ እንፋሎት ይነሳል፤ ጦጣዎች ግራር ላይ ሆነው የሰው ቁርስ ይሰልላሉ፤ ከታች አዋሽ ቡናማ ሆኖ ይፈሳል። ዛፍ ሥር ተቀምጠው ፈይሳ የተጎዳ ጉልበቱን ዘርግቶ «ሽማግሌ ልልክ ነው» አላት።

«ምን ብለህ?»

«ትህትናን እወዳታለሁ ብዬ።»

«አባዬ መጀመሪያ የሚጠይቀው ‹ሥራው ምንድን ነው?› ብሎ ነው።»

«የውርርድ ቤት አለው ይላሉ ሽማግሌዎቹ።»

«ነጋዴ ነው ቢሉስ?» አለች ትህትና ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ውሸት አይደለም እኮ።»

ፈይሳ ወደ ውኃው ዞረ። «በአባትሽ ደጅ በግማሽ እውነት መግባት አልፈልግም» አለ። «ከገባሁ ሙሉ ሰው ሆኜ ልግባ፤ ካባረሩኝም ሙሉውን ያባርሩኝ።»

ትህትና ጭንቅላቷን ትከሻው ላይ አሳረፈች። ፍርሃቷ ከእንፋሎቱ ጋር እየተነሳ እየሳሳ ሲሄድ ተሰማት፤ የማይመለስ መሰላት።

*

ተመለሰ እንጂ። ሽማግሌዎቹ ሳይላኩ አቶ ማናሴ ጉዳዩን ራሳቸው ደረሱበት።

እራት ቀርቦ ነበር። አቶ ማናሴ እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡና «ዛሬ ሲሚንቶ ላደርስ በገንደ ሀራ አለፍኩ» አሉ። «ወደ ቀኝ ያዘነበለ ፊደል አየሁ። የሚያምር ጽሑፍ ነው።»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ አባዬ።»

«አውቄዋለሁ። ሥራ ሥራ ነው፤ ጸሐፊ የጻፈው ሁሉ የእሱ ኃጢአት አይደለም።» ውኃ ጠጡ። «ባለቤቱን ታውቂዋለሽ?»

ትህትና ለአባቷ ዋሽታ አታውቅም። «እወደዋለሁ» አለች።

የእናቷ የወይዘሮ አበዛሽ ጭልፋ ወጥ ድስቱ ላይ ቆመ። አቶ ማናሴ አልተቆጡም። እራታቸውን ጨርሰው እንደወትሮው ጸለዩ፤ የቤተሰቡን ስም አንድ በአንድ ጠርተው የሷ ጋ ሲደርሱ ግን ድምፃቸው ሳሳ። ትህትና ዓይኗን ጨፍና ያን የሳሳ ድምፅ ሰማች፤ ቢቆጧት በወደደች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ እናቷ ጓዳ ጠርተው ነገሯት። አባቷ ፈይሳን ሱቃቸው አስጠርተውት ነበር። በሞጆ መንገድ ያለውን ሁለተኛ ሱቃቸውን እንዲይዝላቸው፣ ውርርድ ቤቱን ዘግቶ በንጹሕ ሥራ እንዲጀምር ጠየቁት። «እንዲህ ያለ ነገር አባትሽ ለወንድምሽ እንኳ አላደረገም» አሉ ወይዘሮ አበዛሽ። «እምቢ አለ ልጁ። ቁጭ ብሎ እንኳ አላሰበበትም።»

ትህትና ቀጥታ ወደ ክፍሏ ገባች። አባቷ፣ ያ ኮስታራ ሰው፣ ለሷ ሲል በሩን ከፍቶለት ነበር። ፈይሳ ደግሞ ከተከፈተው በር ላይ ተመለሰ። ለምን? ለሰማያዊ ግድግዳ? ለትኬት ማሽን? ስልኳን አነሳችና «እንግዲህ መርጠሃል። ቤትህን ያሳምርልህ» ብላ ላከችለት።

መልእክቱ እንደተነበበ አየች። ከዚያ «እየጻፈ ነው» የሚለው ምልክት ብቅ አለ። ጠፋ። እንደገና ብቅ አለ። ትህትና ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ብዙ ጊዜ ብቅ አለ፣ ብዙ ጊዜ ጠፋ፤ በመጨረሻ ጠፍቶ ቀረ። ያልተላከው መልእክት ውስጥ ምን እንደነበር እያሰበች፣ የተላከ ያህል አለቀሰችበት።

ከዚያ በኋላ ሲደውል አላነሳችም። በገንደ ሀራ ማለፍ ተወች፤ ቀለም ልትገዛ ስትሄድ እንኳ በዙሪያው ትሄዳለች። ተራራው ላይ ያሉት ማማዎች መዞራቸውን አላቋረጡም። ቀና ብላ ማየት ግን ተወች።

*

በአንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ወይዘሮ አበዛሽ ከማኅበር እህቶቻቸው ጋር ቀርተው ነበርና መኪናው ውስጥ አባትና ልጅ ብቻ ነበሩ። ቤት ደጃፍ ሲደርሱ አቶ ማናሴ ሞተሩን አጠፉ፤ በሩን ግን አልከፈቱም።

«ትናንት የት እንደዋልኩ ታውቂያለሽ?»

«ሱቅ አይደለም እንዴ?»

«ሀሮ ነው የዋልኩት።»

ትህትና ወደ አባቷ ዞረች።

«እምቢ ያለኝ ዕለት አንድ ነገር ብሎኝ ነበር። ‹ጋሼ፣ ቤቴን ሳያዩ አይፍረዱብኝ። አንድ ቅዳሜ መጥተው ይቀመጡ› አለኝ። ለእናትሽ ይህን አልነገርኳትም፤ የምሄድም አልመሰለኝም ነበር። ግን ነገሩ ልቤ ውስጥ ቀረ። ሄድኩ።» መሪውን በአውራ ጣታቸው ዳበሱ። «ስገባ ቤቱ ጸጥ አለ። ሁለት የኛው መዘምራን ጠረጴዛ ሥር ገቡ።»

ትህትና ሳታስበው ሳቀች። አቶ ማናሴም ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም።

«እንዳላየሁ ሆንኩ። ልጁ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፤ ሻይ አመጣልኝ። የከተማችን ቡድን ነው የሚጫወተው። ሰዉ ሁሉ ያሸንፋል ብሎ አስይዟል። ደገፋ የሚባለው ባጃጅ ነጂ ሁለት ትኬት ቆርጦ ሲያበቃ ኪሱን አራግፎ ሦስተኛ ሊቆርጥ መጣ። ፈይሳ ‹ደገፋ፣ ይበቃሃል። ወደ ቤትህ የምትገባበት ይኑርህ› አለው። ያ ሰውዬ የሰደበውን ስድብ ልደግምልሽ አልችልም። ወጣና መንገድ ተሻግሮ ከማዶ ካለው ትልቅ ውርርድ ቤት ገባ። እዚያ ማንም ይበቃሃል አላለውም።»

ነፋሱ መኪናውን ገፋ አድርጎ አለፈ።

«ቡድናችን ተሸነፈ። ሰዉ ራሱን ይዞ ቀረ። ያኔ የልጁን ፊት አየሁ። የሆነ ነገር አየሁበት፣ ትህትና፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። ስወጣ እስከ ደጅ ሸኘኝ። ‹አንተ ጥሩ ሰው ነህ፤ ግን ጥሩ ሰው በዚህ ቤት ወይ ይከስራል ወይ ይለወጣል› አልኩት።»

«እሱስ ምን አለህ?»

«እንደሚስማማ ራሱን ነቀነቀ።» አቶ ማናሴ በሩን ከፈቱና አንድ እግራቸውን አውጥተው ቆም አሉ። «ሱቁን ለምን እንዳልተቀበለኝ ጠይቄው ነበር። ‹እሱን ለትህትና ነው የምነግራት› አለኝ። ነግሮሻል?»

ትህትና አንገቷን ደፋች። «ስልኩን አላነሳሁለትም።»

አባቷ አልወቀሷትም። ትከሻዋን መታ መታ አድርገው ወረዱ። እሷ መኪናው ውስጥ ብቻዋን ቀረች፤ ስልኳ ላይ ብቅ እያለ ሲጠፋ የነበረው ምልክት ትዝ ሲላት እፍረቱ ፊቷን አሞቀው።

*

ሰኞ ከምሳ በኋላ ከሀሮ አጠገብ ፀጉር ቤት ያላት ጓደኛዋ ሜሪ ደወለች። «ፈይሳ የት ሄደ?» አለች። «ከትናንት ጀምሮ በሩ ተቆልፏል። ሻንጣ ይዞ ሲወጣ ያዩት አሉ። ሰዎች መጥተው እያዩ ይመለሳሉ።»

ትህትና የት እንደሄደ ለመገመት ሐሳብ አላስፈለጋትም። የጨለመበት የባቱ ልጅ ወዴት ይሄዳል? ቦርሳዋን አንግባ ስትወጣ አቶ ማናሴ ግቢው በር ላይ ቆመው ነበር። ወዴት ነሽ አላሏትም። ጫማዋን አዩ፣ ቦርሳዋን አዩ።

«የሐይቅ ዳር ነፋስ ማታ ይበርዳል» አሉ። «ሹራብ ያዢ።»

ትህትና ሹራቧን ልታመጣ ስትመለስ ዓይኗ እንባ ሞልቶ የቁም ሳጥኑን በር ለማግኘት ተቸገረች።

ሚኒባሱ ሞጆን አልፎ ወደ ደቡብ ታጠፈ። ቆቃ ላይ ውኃው ከመንገዱ ግራና ቀኝ እንደ መስተዋት ተዘርግቶ ነበር። መቂ ሲደርሱ የሽንኩርትና የቲማቲም ሻጮች መስኮቱን ከበቡት። ከዚያ ወዲያ ጠፍጣፋው ምድር፣ ጃንጥላ የመሰሉት ግራሮች፣ ከሩቅ በፀሐይ የሚያብለጨልጩት የአበባ እርሻ ቤቶች በመስኮቱ አለፉ። ትህትና የምትናገረውን ነገር በልቧ እየደረደረች ታፈርሰዋለች። መቂን ሲያልፉ ግን ወስና ነበር። አንድ ነገር ብቻ ትለዋለች፤ እሱን ከያዘች ሌላው ይደርሳል።

ባቱ ወርዳ ጋሪ ያዘች። ፈረሱ ከጠዋት ጀምሮ ሲሠራ የዋለ ነውና እያዘገመ ሐይቁ ዳር አደረሳት። ፀሐይ ማዘንበል ጀምራለች። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ እጃቸውን ወደ ኋላ ያደረጉ ይመስል ዳር ዳሩን ይመላለሳሉ። የፈይሳ እናት አዴ ዲንቄ አንድ ጠረጴዛ ጀርባ ቆመው ዓሣ ይገፍፋሉ፤ ቅርፊቱ ክንዳቸው ላይ ተለጥፎ ያብረቀርቃል። ፎቶዋን አይተው ነበርና ወዲያው አወቋት።

«ኮቱ ኢንተለ ኮ፤ ነይ ልጄ» አሉ። እጃቸው እርጥብ ስለሆነ በክርናቸው አቀፏት። «ከመጣ ጀምሮ አፉን አልከፈተም። ታሟል እንዳልል ይበላል። ያውልሽ፣ እዚያ።»

ከሩቅ፣ ወርቃማው ውኃ ላይ አንዲት ጀልባ ትታያለች። ውስጧ ሁለት ሰዎች አሉ፤ አንደኛው መቅዘፉን ትቶ ቆመ። ትህትና እሱ መሆኑን በአቋሙ አወቀች፤ ክብደቱን በቀኝ እግሩ ላይ ያደርጋል። ጀልባዋ ወደ ዳር የምትመጣበት ጊዜ ረዥም ነበር። ሁለቱም ዓይናቸውን አልነቀሉም። ውኃው በመካከላቸው እየጠበበ ሲመጣ፣ ትህትና ያለፉት ሳምንታት አብረው የሚጠቡ መሰላት።

ፈይሳ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ሱሪውን ሰብስቦ ወጣ። ከሷ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመ።

«ዓሣ ዓሣ እሸታለሁ» አለ።

«ለምን እምቢ እንዳልከው ንገረኝ» አለች ትህትና።

ጫማውን አሸዋው ላይ አስቀመጠ። «አባትሽ ክፉ ሰው አይደሉም። በቅን ልብ ነው የጠየቁኝ። ግን ሱቁን ብወስድ በየቀኑ በሩን ስከፍት፣ ለአንቺ ሲሉ የሰጡኝ መሆኑን አስታውሳለሁ። አንድ ቀን ብንጣላ፣ ‹ሱቅ ሰጥተነው› የሚል ቃል በመካከላችን ይቆማል። አንቺን በስጦታ ላይ ተጨማሪ አድርጌ መውሰድ አልቻልኩም። ይሄን ልጽፍልሽ ብዬ ስጽፍ ስሰርዝ ነበር። በጽሑፍ ትዕቢት ይመስላል።»

«በቃልም ትንሽ ይመስላል» አለች ትህትና። ድምጿ ግን ተሰብሮ ነበር። «አይቼው ነበር፤ ስትጽፍ ስትሰርዝ። መደወል ነበረብኝ። አልደወልኩም። ይቅር በለኝ።»

ፈይሳ አንድ እርምጃ ቀረበ። ትህትና ግን እጇን አነሳች፤ በመንገድ የወሰነችውን ሳትለው ልቧ እንዳይከዳት ፈራች።

«የመጣሁት አንድ ነገር ልነግርህ ነው። ከነቤትህ እቀበልሃለሁ። አባዬ ይለወጣል ብሎሃል። እኔ አጠገብህ ሆኜ አይሃለሁ፤ መለወጥ ስትጀምር ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ፤ እነግርሃለሁ። እስከዚያ ድረስ ግን ሀሮ ቤታችን ነው።»

ፈይሳ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ትህትና የሚስቅ መስሏት ነበር። ሲገልጠው ዓይኑ ቀልቷል።

«ዘግይተሻል» አለ በቀስታ።

ትህትና ያነሳችውን እጇን አወረደች።

«ጀምሬያለሁ እኮ። ቅዳሜ።» ወደ ሐይቁ ዞረ፤ እሷን እያየ ሊናገረው የሚችለው ነገር አልነበረም። «ያን ቡድን የምወደው ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። ከዚህ እስከ አዳማ በጭነት መኪና ተንጠልጥዬ ሄጄ አይቼዋለሁ። ሲሸነፍ እራት የማልበላ ልጅ ነበርኩ፤ እናቴን ጠይቂያት። ቅዳሜ ሰዉ ሁሉ በሱ ላይ አስይዟል። ቢያሸንፍ ለሁሉም የምከፍለው እኔ ነኝ፤ ትልልቆቹ ቤቶች ይችሉታል፣ እኔ ግን ከዚያ በኋላ ሰኞን አላይም። ሲጫወቱ በልቤ ‹አታግባ፣ አታግባ› እል ነበር። ጎሉ ሲገባብን፣ ወንበሩ ሁሉ ሲያቃስት፣ እኔ…» አሸዋውን በእግሩ ገፋ። «ደስ አለኝ፣ ትህትና። ከልቤ ደስ አለኝ። ዙሪያዬ ያሉት ሁሉ የማውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ስማቸውን አውቃለሁ። ፊታቸውን እያየሁ ደስ አለኝ።»

ትህትና አባቷ ያዩትንና ያላወቁትን ነገር አሁን አወቀችው። የሚያጽናና ቃል ብትፈልግ አታጣም ነበር፤ እሱ ግን ማጽናኛ አልጠየቃትም። አጠገቡ መጥታ ቆመች፣ እሱ ወደሚያይበት አየች።

«ያን ቤት የከፈትኩት ሰው ኳስ ብቻውን እንዳያይ ነበር» አለ ፈይሳ። «ጎሉ ሲገባ ግን በዚያ ሁሉ ሰው መሃል እንደኔ ብቻውን የነበረ አልነበረም። ፈቃዱን እመልሳለሁ። አባትሽ ስላሉኝ አይደለም፤ እሳቸው ሳይናገሩ ነው ያወቅሁት። ወስኜ ነበር። ላንቺ የምነግርበትን ቀን ነበር የምፈልገው።»

«እኔ ከነቤትህ ልቀበልህ እየመጣሁ፣ አንተ ቤቱን ትተህ ልትመጣ?»

«እንደዚያ ነው የሆነው።»

ተያዩ። መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት፤ ከዚያ እሱ፤ ከዚያ ሁለቱም ሳቁ ወደ ለቅሶ ሊዞር ሲል ተዉት። ፀሐይ ከኋላቸው ከከተማው ወዲያ ገባች። ደሴቶቹ ጥላ ብቻ ሆኑ። የደንገሉ ጫፍ በነፋሱ ሲነካካ የሚያሰማው ድምፅ ሰው በሩቅ የሚያንሾካሹክ ይመስላል።

«ይገባሻል፣ ትህትና?» አለ ፈይሳ። «አሁን የባሰ ነው። በፊት ቢያንስ ሽማግሌዎቹ የሚሉት ነገር ነበራቸው። አሁን ሥራ የለኝም። የአባትሽን ሱቅ አሁንም አልወስድም። የኪራይ ውሉ እስኪያልቅ ሰዉ እየመጣ ኳስ ያያል፣ ሻይ እሸጣለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም። በአባትሽ ደጅ ምን ብለው ይቁሙ?»

«እውነቱን ይበሉ።»

«ምንም የለውም?»

«ምንም የለውም ይበሉ። እኔ አባዬ አጠገብ እቀመጣለሁ። ‹ምን አይተሽበት ነው?› ብሎ ሲጠይቀኝ የምመልሰውን አውቃለሁ።»

«ምን ትያቸዋለሽ?»

ትህትና ያቺ የግንቦቷ «አዎ» ትዝ ብላት ፈገግ አለች። ሹራቧን ከቦርሳዋ አውጥታ ደረበች፤ አባቷ እንዳሉት ነፋሱ በርዶ ነበር። ከኋላቸው አዴ ዲንቄ ዓሣው መጠበሱን፣ ሰው በሐሳብ ብቻ እንደማይጠግብ በኦሮምኛ እየተናገሩ ወደ እነሱ መጡ። ፈይሳ እናቱን ሲያይ እንደ ልጅ ደንግጦ ከትህትና ራቅ ሊል ቃጣው። እሷ ግን እጁን ያዘችው። ሻካራ፣ ቀዝቃዛ፣ ሐይቅ ሐይቅ የሚሸት እጅ ነበር። እናቱ ደረሱ፣ የተያያዙትን እጆች አዩ፣ ቀና ብለው የትህትናን ፊት አዩ። ትህትና አላፈረችም፤ እጁንም አለቀቀችም። አሸዋው ላይ እየተንጋደዱ ወደ እሳቱ ሲሄዱ፣ የሱ ማነከስ በእጇ በኩል ወደ ሰውነቷ እየደረሰ፣ ሳታውቀው እርምጃዋን ከሱ ጋር አስተካከለች።